ሞተሬን መመሪያው አያውቃትም

ይቺ ሞተር እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት ያልነካካት ሰው የለም። የኋላ ሹካዋ (የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ከሌላ ሞዴል የመጣ ነው፣ ጎማዋም እንደዚሁ። ይህን ሳላጣራ የፋብሪካውን መመሪያ አምኜ ባለ 108 ዐይን ሰንሰለት ገዛሁ። ስዘረጋው አራት ዐይን አጠረ። አብሬ የገዛሁት የኋላው ስፕሮኬት (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ) ደግሞ የቡሎን ቀዳዳው አልገጥም አለ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ቁጠሩ። ከፒን እስከ ፒን አንድ ዐይን ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም እዩ። 520 እና 530 ከፒን እስከ ፒን እኩል 15.875 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ወርዳቸው ግን ይለያያል፣ አንዱ በሌላው ስፕሮኬት ላይ አይሆንም። የስፕሮኬቶቹን ጥርስ፣ የኋላውን ቀዳዳዎችና የመሃል ክቡን ለኩ። ሰንሰለቱንና ሁለቱን ስፕሮኬቶች አንድ ላይ ቀይሩ፤ ያለቀ ጥርስ አዲስ ሰንሰለት ይበላል። ጉልበት ለመጨመር ካሰባችሁ፣ የፊቱ 15፣ የኋላው 45 ጥርስ ከሆነ፣ የፊቱን አንድ ጥርስ መቀነስ የኋላውን ሦስት ከመጨመር ጋር ይቀራረባል።

ሰንሰለቱን ሳትፈቱ የፊቱን ስፕሮኬት ዳዶ አላሉ። ይህን ረስቼ ግማሽ ቀን ታግያለሁ። የታጠፈ መቆለፊያ ሮንዴላ ካለው መጀመሪያ አቅኑት። ማርሽ አስገቡ፣ አንድ ሰው የኋላ ፍሬኑን ይርገጥ፣ ከዚያ ረጅም ቁልፍ። ሰንሰለቱ ከወጣ በኋላ ግን ፍሬኑ ምንም አይረዳም።

የኋላውን ቡሎኖች በተቃራኒ በተቃራኒ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ይህ ቀላሉ ነው።

ዋናው ጣጣ ሁለቱን ስፕሮኬቶች በአንድ ቀጥታ መስመር ማዋል ነው። ሹካው ላይ ያሉት ምልክቶች በተነካካ ሞተር ላይ ይዋሻሉ። ቀጥ ያለ ብረት በኋላው ስፕሮኬት ገጽ ላይ አስደግፋችሁ እስከ ፊተኛው ዘርጉት። የኔ የኋላው 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። በቶርኖ ቤት 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ቀለበት አሠርቼ ከስፕሮኬቱ ጀርባ አስገባሁ፤ ቡሎኖቹንም በረጃጅም ቀየርኩ። ሮንዴላ ደራርቦ ማለፍ ያጓጓል፤ አታድርጉት።

ውጥረቱ ላይም መመሪያው አልረዳኝም፣ የኋላ ሞላዋ ከፍ ተደርጓልና። ሰንሰለት በጣም የሚወጠረው የፊቱ ስፕሮኬት፣ የሹካው መጋጠሚያና የኋላ ጎማው ፔርኖ (የመሃል ዘንጉ) በአንድ መስመር ሲውሉ ነው። ሞላውን ከታች ፈትቼ ጎማውን እስከዚያ መስመር አነሳሁት። እዚያ ላይ ትንሽ መላወስ እስኪቀረው ድረስ አስተካከልኩ። ሞላውን መልሼ ስለካው ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 35 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል።

ክሊፕ ያለው ማያያዣ ከሆነ፣ የተዘጋው ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት ይዙር። ጎማውን ስታዞሩ በእጅ ብቻ፣ ሞተሩ ጠፍቶ። ጣት ከስፕሮኬት ጋር አይደራደርም። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ትንሽ ስለሚላላ እንደገና ለኩ።

የመሸፈኛው ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ፦ 112 ዐይን፣ 15 በ45፣ 35 ሚሊ ሜትር። ቀጣዩ ባለቤት ደግሞ 108 እንዳይገዛ።