«ገብቶኛል» እና ሌሎች የአካውንቲንግ ተማሪዎች ስህተቶች

ቢዝነስ የገባ ልጅ ሜዲካልና ኢንጂነሪንግ ከገቡ ጓደኞቹ «አንተማ ተዝናና!» ይባላል። ችግሩ ልጁም ማመኑ ነው። ፍሬሽማንን በጥሩ ውጤት ጨርሶ፣ ዲፓርትመንቱን ተሻምቶ ይገባና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አጠገቡ የተቀመጡት ግን እንደሱው ተሻምተው የገቡ ሰቃዮች ናቸው። የሚድ ውጤት ሲለጠፍ ይባንናል።

ማትስን ሸሽቶ ቢዝነስ የሚመርጥም አለ። ስታትስቲክስና ፋይናንስ እዚያው ይጠብቁታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የተሠራ ጥያቄ አንብቦ «ገብቶኛል» ማለት። ባለፈው ሳምንት አንዷን ተማሪዬን ጠየቅኳት። ድርጅቱ መስከረም 1 የዓመት ኪራይ 36,000 ብር አስቀድሞ ከፈለ። ታኅሣሥ 30 ላይ አድጀስቲንግ ኢንትሪው (ሂሳቡን የሚያስተካክለው ምዝገባ) ምንድን ነው? መልሱን ማታ ሦስቴ አንብባዋለች። «ቀላል ነው ቲቸር» አለችና ሬንት ኤክስፔንስን (የኪራይ ወጪን) 36,000 ዴቢት (በግራ)፣ ካሽን ክሬዲት (በቀኝ) አደረገች። ካሹ እኮ መስከረም ላይ ወጥቷል! ያለፈው አራት ወር ነው፤ በወር 3,000፣ በድምሩ 12,000። ሬንት ኤክስፔንስ ዴቢት፣ ፕሪፔይድ ሬንት (አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ) ክሬዲት፣ አለቀ። የቀረው 24,000 ገና ያልተኖረበት ቤት ኪራይ ነው። ስነግራት «አዎ አዎ፣ አውቀዋለሁ» አለች። አታውቀውም! እናቱ ስትጋግር ያየ ሁሉ ዓይናማ እንጀራ ያወጣል እንዴ? መልሱን ሸፍኑት። ባዶ ወረቀት ላይ ሥሩ። ከዚያ ግለጡት። ስትሳሳቱ ደግሞ «ለካ እሱን ረስቼ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ እንደገና ከዜሮ ሥሩት። ይህን ስል ፊታቸው ይጨማደዳል፣ ግን ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ እንደወደቀ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ትራያል ባላንሴ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር) በ270 ብር አልገጥም ብሎኝ ዶርም ውስጥ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስደምር ቆየሁ። ለካ 850ን 580 ብዬ ገልብጬዋለሁ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ ቦታ የተቀያየሩ አሃዞችን ፈልጉ። ይህን የነገረኝ በማግስቱ አንድ ሲኒየር ነው፤ እየሳቀ። ሲገጥም ደግሞ አትጨፍሩ። ጨርሶ ያልመዘገባችሁት ሽያጭ ሚዛኑን አያዛባም።

ሲኒየር ካልኩ አይቀር፣ ሃንድአውቱን ስትወርሱ ዓመቱን እዩ። አሁንም ሊፎን (መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ ወጣ የሚለውን የስቶክ አቆጣጠር) እየቸከለ የሚመጣ ልጅ አለ። አገራችን በአዋጅ 847/2006 ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ) ገብታለች፣ አይኤፍአርኤስ ደግሞ ሊፎን አይፈቅድም። ፔይሮል (የደመወዝ ሂሳብ) ላይም እንደዚያው ነው። አሮጌው ወረቀት ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ 600 ብር ይለዋል። በ2017ቱ ማሻሻያ ግን 2,000 ብር ሆኗል። በ600 ጀምሮ የሠራው ልጅ አሠራሩ በሙሉ ልክ ነበር፤ መልሱ ብቻ ስህተት።

ግሩፕ ዎርክ ላይ ስም ብቻ ማስገባት? መምህሩ ፕሬዘንቴሽን ላይ የሚጠይቀው እናንተን ነው።

ፕሪንሲፕልስን (የመጀመሪያውን የአካውንቲንግ ኮርስ) በ«ሲ» ካለፋችሁ ክረምቱን አትተኙ፣ ቀጣዩ ኮርስ ኢንተርሚዲየት እዚያው ላይ ነው የሚቆመው።

የመጨረሻው ስህተት ኤግዚት ኤግዛምን (የመውጫ ፈተናውን) እስከ ግንቦት መርሳት ነው። ፈተናው በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ቁጥሩን ሲሰሙ ብዙዎቹ ይንቁታል። ከዚያ ሳምንታት ሲቀሩት ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ቲቸር፣ ከየት ልጀምር?»

ፕሪንሲፕልስ አንድ፣ ምዕራፍ አንድ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ቀልዴን ግን አይደለም።