የ500 ሲሪስ ግራፊክ ኢኳላይዘር ሲያስቸግር፦ ችግሩና መፍትሄው

ግራፊክ ኢኳላይዘር ድምፅን በባንድ ከፋፍሎ እያንዳንዱን በተንሸራታች መቆጣጠሪያ (ፌደር) የሚጨምርና የሚቀንስ ዕቃ ነው። 500 ሲሪስ ደግሞ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ዕቃዎች (ሞጁሎች) በአንድ ራክ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሰኩበት ሥርዓት ነው። ኢኳላይዘር ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞጁሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የኬብሉ፣ የፓችቤዩ (የኬብል ማገናኛ ሰሌዳው)፣ የራኩ ወይም የኤሌክትሪኩ ነው። ስለዚህ ከውጭ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ካቻቪቴ በመጨረሻ ይምጣ።

ለምሳሌ የምወስደው ኤፒአይ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን 560ን ነው። 10 ባንድ አለው፤ ከ31 ሄርዝ እስከ 16 ኪሎሄርዝ፣ አንድ አንድ ኦክታቭ እየተራራቁ (ሄርዙ በእጥፍ እያደገ) ይሄዳሉ። እያንዳንዱን ባንድ እስከ 12 ዴሲቤል መጨመር ወይም መቀነስ ይቻላል። ሞጁሉ የራሱ ፓወር ሰፕላይ የለውም። ፕላስ 16 እና ማይነስ 16 ቮልት ከራኩ ያገኛል፣ የሚሰካውም ባለ 15 ፒን ሶኬት ላይ ነው። በ500 ሲሪስ ራክ ለሚሠሩ ሌሎች ግራፊክ ሞጁሎችም አብዛኛው ምክር ያገለግላል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ራኩን ሳታጠፉ ሞጁል አትንቀሉ፣ አትሰኩም። የሞኒተሩንም ድምፅ ዝቅ አድርጉ።

ጭራሽ አይበራም

መጀመሪያ ጎረቤቶቹን እዩ። የራኩ ሞጁሎች በሙሉ ከጠፉ ጉዳዩ የፓወር ሰፕላዩ ነው፤ መሰኪያውንና ፊውዙን ተመልከቱ። ራኩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ፣ ወዳጅ የላከውም ይሁን ያገለገለ የተገዛ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይነበብ። አንዳንዱ ቮልቴጁን ራሱ ይለያል። አንዳንዱ ግን በእጅ የሚቀየር ማብሪያ ስላለው 115 ላይ እንደተቀመጠ ይመጣል። የኛ አገር መስመር 220 ቮልት ነው። 115 ላይ እያለ ተሰክቶ ከሆነ፣ ፊውዝ ቀይሮ እንደገና መሞከር ሌላ ጉዳት ያመጣል። ቴክኒሻን ውስጡን ይየው።

የጠፋው ያ ሞጁል ብቻ ከሆነ ወደ ሌላ ስሎት (የራኩ መሰኪያ ቦታ) አዛውሩት። የሞጁላር ዕቃ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ያለ መለኪያ ዕቃ ጥፋተኛውን መለየት ይቻላል። ችግሩ ሞጁሉን ተከትሎ ከሄደ የሞጁሉ ነው። እዚያው ስሎት ላይ ከቀረ የራኩ ነው። አዲሱ ቦታ ላይ ከሠራና ወደ ድሮው ሲመለስም ከሠራ፣ መጀመሪያውኑ በደንብ አልገባም ነበር ማለት ነው። የሞጁሉን መሰኪያ ጠርዝ በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሲደርቅ ሰክታችሁ ብሎኖቹን እሰሩ።

ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ 560 ላይ ሌላም የሚታይ አለ። በውስጡ ያሉት 2520 የሚባሉ ኦፕአምፖች (ድምፁን የሚያጎሉ ክፍሎች) የተበየዱ ሳይሆኑ የተሰኩ ናቸው። በጉዞ መንገጫገጭ ሊላቀቁ ይችላሉ። ፒኖቹን ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጎ ወደ ቦታቸው መጫን ነው።

ፌደሩን ባንቀሳቅሰውም ለውጥ የለም

የኢኪው (የኢኳላይዘሩ) ማብሪያ ተጭኗል? ካልተጫነ ፌደሮቹ ምንም አይሠሩም። ተጭኖም ለውጥ ከሌለ የምትሰሙት ኢኳላይዘሩን ሳይነካ የሚመጣውን ድምፅ ሊሆን ይችላል። ፓችቤዩንና የመቅጃ ሶፍትዌሩን ኢንሰርት (የውጭ ዕቃ የሚገናኝበትን ቦታ) ተከታተሉ።

ሃም አለ

ሃም ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ፣ የማያቋርጥ ወፍራም ጉምጉምታ ነው። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃም የተሳሳተ ነው፤ የ63 ሄርዙን ፌደር ወደ ታች መሳብ። የመስመራችን ሃም 50 ሄርዝ ላይ ነው። በ31 እና በ63 መሀል ስለሚወድቅ አንዱም ፌደር በትክክል አያገኘውም። በዚያ ላይ 560 ትንሽ ሲቀነስ ሰፊ ቦታ ነው የሚነካው፤ እየጠበበ የሚሄደው ብዙ ሲጨመር ወይም ብዙ ሲቀነስ ነው። ሃሙ ሳይጠፋ የቤዙና የከበሮው ጉልበት ይሄዳል። ሃም የሚጠፋው ከምንጩ ነው።

ራኩን አጥፍታችሁ የዚያን ሞጁል የግብዓት ኬብል ንቀሉ፣ ከዚያ አብሩ። ሃሙ ከጠፋ የመጣው ከውጭ ነው፤ አንዱ ትልቅ ተጠርጣሪ ግራውንድ ሉፕ ነው፤ ዕቃዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከኤርዝ ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ዑደት ማለት ነው። ኮምፒውተሩን፣ ኢንተርፌሱን (ድምፁን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) እና ራኩን ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር አብሏቸው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ ስሙ። አሁንም ካለ፣ በባላንስድ ኬብሉ (ድምፁን በሁለት ሽቦ በሚወስደው) ተቀባይ ጫፍ ላይ የፒን 1ን ሺልድ (የሽቦዎቹን ከለላ) ማላቀቅ ይረዳል። ከግድግዳ የሚመጣውን የኤርዝ ሽቦ ግን በፍጹም እንዳትቆርጡ። እሱ የሰው ሕይወት የሚያድን ነው።

ግብዓቱ ተነቅሎም ሃሙ ካለ ስሎት ቀይሩ። ፓወር ሰፕላይ አጠገብ የሚቀመጥ ሞጁል የውጤት ትራንስፎርመሩ መግነጢሱን ሊስብ ይችላል። ጥቂት ስሎት ማራቅ ብቻ በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በየትኛውም ስሎት፣ በሁሉም ሞጁል ላይ 100 ሄርዝ አካባቢ የሚነዝር ድምፅ ካለ ደግሞ የራኩ ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች አርጅተው ሊሆን ይችላል። ያ የቴክኒሻን ሥራ ነው።

ፌደሩ ሲነካ ይንኮሻኮሻል

አቧራ ነው፣ ወይም ሳይነኩት ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ራኩን አጥፍታችሁ ፌደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግማችሁ አመላልሱት። ካልበቃ ለፌደር ተብሎ የተሠራ ማጽጃ በጥቂቱ ንፉ፣ እንደገና አመላልሱ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ለመኪና ብሎን የሚነፋ ዘይት እዚህ አይገባም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ፌደሩንም ይጎዳል።

ድምፁ ሳሳ፣ ባሱ የለም

ሞጁሉን ከመክሰሳችሁ በፊት ኬብሉን ፈትሹ። የ560 ውጤት በትራንስፎርመር ነው የሚወጣው። ከኤክስኤልአሩ (ባለ ሦስት ፒን የድምፅ መሰኪያው) ፒን 2 እና 3 አንዱ ከተበጠሰ ድምፁ ጭራሽ አይጠፋም፤ ቀጭንና ደካማ ሆኖ ያልፋል። ባላንስድ ያልሆነ ግብዓት ላይ የምትሰኩ ከሆነ ፒን 3ን ከግራውንድ ጋር አገናኙ፣ ተንጠልጥሎ አይቅር።

ድምፁ ይሰበራል

ጎን ለጎን ያሉ ባንዶች ሲጨመሩ አንዱ በአንዱ ላይ ይደመራል። ሦስት አራት ፌደር የሰቀለ ሰው ሳያውቀው ብዙ ዴሲቤል ጨምሯል። 560 የሚያወጣውን ከፍተኛ ደረጃ ብዙ ኢንተርፌስ አይችለውም፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚሰበረው መቀበያው ነው። ወደ ሞጁሉ የሚገባውን ዝቅ አድርጉ። የማትፈልጉትን መቀነስ ስትችሉ የምትፈልጉትን አትጨምሩ።

ፌደሮቹ ሁሉ መሀል ሆነው፣ ደረጃውም ዝቅ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ኃይል ጎድሎ ሊሆን ይችላል። የቪፒአር አላያንስ (ኤፒአይ ለ500 ሲሪስ ሞጁሎች ያቋቋመው) መስፈርት ለአንድ ስሎት 130 ሚሊአምፔር ነው። ከዚያ በላይ የሚበሉ ሞጁሎችም ገበያ ላይ አሉ። ከባዶቹን አውጥታችሁ ሞክሩ። ማራዘሚያ ካርድ (ሞጁሉን ከራኩ ውጭ አውጥቶ የሚያገናኝ) ያለው ሰው ቮልቴጁን ይለካ፦ ከፒን 13 አንጻር ፒን 12 ፕላስ 16፣ ፒን 14 ማይነስ 16 አካባቢ ማሳየት አለባቸው።

ግራና ቀኝ አይመሳሰሉም

በዓይን ፌደር ማስተካከል አይበቃም። ተመሳሳይ ሞኖ ድምፅ በሁለቱም አሳልፉ፣ የአንዱን ፖላሪቲ (ፕላስና ማይነሱን) ገልብጡና ደምሯቸው። ፌደሮቹ ሁሉ መሀል ላይ ሆነው ድምፁ በጣም መቀነስ አለበት። ከዚያ አንድ አንድ ባንድ በሁለቱም እኩል እየጨመራችሁ ስሙ። በአንዱ ባንድ ላይ ድምፁ ጎልቶ ከተመለሰ ልዩነቱ እዚያ ነው፤ ፌደሩን ትንሽ አነቃንቃችሁ ዝም የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። ጥቂት ልዩነት ጤናማ ነው፣ ክፍሎቹ ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆኑም። ብዙ የሚለያይ ባንድ ካለ ግን ሞጁሉን ለቴክኒሻን ስትሰጡ የባንዱን ቁጥር፣ የትኛው ስሎት ላይ እንደነበረና ስሎት ሲቀየር የሆነውን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡት።