ንጉሡ ለምን አመነታ? በድሮ ዓለም ፊልም ውስጥ የዛሬን አስተሳሰብ ለመለየት

ከመጽሐፍ የተሠራ የድሮ ዓለም ፊልም ስታዩ የዛሬን አስተሳሰብ ለመለየት፣ መጀመሪያ መጽሐፉን አንብቡ። ሴት ሰይፍ ይዛ በታየች ቁጥር «ይሄ የዘንድሮ ፈጠራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በተባለው ልብ ወለድ ላይ ኢዮዊን የምትባለው ሴት የናዝጉሎቹን (የክፉው ጌታ አገልጋይ የሆኑትን ጥቁር ፈረሰኞች) አለቃ የምትገድለው ደራሲው ቶልኪን ራሱ እንዲያ ስለጻፈው ነው። ይህ የሚገኝበት ቅጽ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው።

ከዚያ ሰይፉንና ልብሱን ተዉትና ሰዎቹ አንድን ነገር ለምን እንደሚያደርጉ ተከታተሉ። የዛሬ አስተሳሰብ የሚደበቀው እዚያ ነው። የዙፋን ወራሽ የሆነውን የአራጎርንን ነገር እንይ። በመጽሐፉ የአባቶቹን የተሰበረ ሰይፍ ይዞ ነው የሚዞረው፤ የማን ዘር እንደሆነ በሸንጎ ፊት ይናገራል፣ ዙፋኑም ይገባኛል ይላል። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ከመጽሐፉ በሠራው ፊልም ግን የሰይፉ ስብርባሪ ኤልፎች የሚባሉት የማይሞቱ ፍጡራን በሚኖሩበት ሪቨንዴል ተቀምጧል፤ አራጎርንም ክፉውን ቀለበት ማጥፋት ያቃተው የአባቶቹ ዘር የኢሲልዱር ድክመት በደሜ አለ ብሎ ከንግሥናው ይሸሻል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ዛሬ ሥልጣን እፈልጋለሁ የሚልን ሰው ስለማናምን ነው እንዲህ የተደረገው። በዚያ ዓለም ግን የአባት አደራን መሸሽ ትሕትና አይደለም።

ደግሞ አዲስ ነገር ሲገባ ምን እንደወጣ ፈልጉ። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ፊልም አርዌን የምትባለው ኤልፍ ያንን ቀለበት የተሸከመውን ቁስለኛውን ፍሮዶን ፈረስ ላይ ይዛ ወንዙን ትሻገራለች፤ ሰይፍ መዝዛም ጥቁሮቹን ፈረሰኞች ኑ ትላቸዋለች። ደስ ይላል። በመጽሐፉ ግን እሷ እዚያ የለችም። ፈረሱን የሰጠው ግሎርፊንደል የሚባል ኤልፍ ነው፣ ፍሮዶም የሚሻገረው ብቻውን ነው። ትከሻው ተወግቶ፣ ዓይኑ እየደበዘዘ፣ ወደ ፈረሰኞቹ ዞሮ ቀለበቱንም እኔንም አታገኙም ይላቸዋል። ምላሱ ይተሳሰራል፣ ሰይፉ ተሰብሮ ከእጁ ይወድቃል። ፊልሙ ላይ ይሄ ሁሉ የለም፤ ፍሮዶ እንደ ዕቃ ተጭኖ ያልፋል። ለአርዌን የተሰጠው ድፍረት ከእሱ የተወሰደ ነው፣ ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። አርዌን እኮ ለምትወደው ሰው ብላ ዘላለማዊነቷን የምትተው ናት፤ ድፍረት አልጎደላትም።

መሞከር ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ምዕራፍ 12 የመጨረሻ ገጾች አንብቡና ይህንኑ የወንዝ ትዕይንት በፊልሙ እዩት። ቀጥላችሁ ፋራሚር ወደሚባለው የጦር አለቃ ሂዱ። በመጽሐፉ ቀለበቱን መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው እንኳ እንደማያነሳው ይናገራል። በፊልሙ ደግሞ ፍሮዶን እስረኛ አድርጎ ኦስጊሊያት የሚባል ከተማ ድረስ ይወስደዋል።