አንቀጽ የሌለውን ሕግ ማጥናት እንዴት እንደቀለለኝ

በኢትዮጵያ የሕግ ዲግሪ ብቻ እንግሊዝ አገር የባሪስተርነት (ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ) ሥልጠና አይገባም፤ መጀመሪያ የአገሩን ሕግ መሠረት የሚያስይዘውን የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መጨረስ ያስፈልጋል። እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነበር። እኛ ጥያቄ ሲመጣ እጃችን ወደ ኮዱ ነው የሚሄደው፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ብሎ ይገላግለናል። እዚያ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም፤ ሕጉ የሚወጣው ከፍርድ ነው። የቸልተኝነት መነሻው በ1932 እ.ኤ.አ. የተወሰነው የዶነሁና የስቲቨንሰን ክርክር ነው፤ ከሳሿ የጠጣሁት የዝንጅብል ቢራ ውስጥ ቀንድ አውጣ ነበር፣ አመመኝ ብላ አምራቹን የከሰሰችበት።

መፍትሔ የሆነኝ ፍርዱን ከማንበቤ በፊት ፍሬ ነገሩን በራሴ ቃል መጻፍ ነው። የዝንጅብል ቢራውን የገዛችው ጓደኛዋ ናት፤ ስለዚህ ከሳሿ ውል የላትም። ጠርሙሱ ጥቁር ነው፤ አለ የተባለው ቀንድ አውጣ ከውጭ አይታይም። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳሁ "ይህ ባይኖርስ ውሳኔው ይለወጥ ነበር?" እላለሁ። የሚለወጥ ከሆነ ሕጉ ያለው እዚያ ነው። ዳኞቹ 3 ለ 2 ነው የተለያዩት፤ የሁለቱን ሐሳብ አትዝለሉት፣ ፈተና ላይ መከራከሪያ የሚሆነው እሱ ነው። የሰበር ችሎት ውሳኔ ማንበብ የለመደ ሰው ዘዴውን ቶሎ ይይዘዋል።

ዲፕሎማው ላይ እያላችሁ ከአራቱ ኢኖች (የባሪስተሮች ማኅበራት) ወደ አንዱ የአባልነት ማመልከቻ አስገቡ፤ ያለ አባልነት ቀጣዩ ሥልጠና አይጀመርም።