የወንዝ ጉዞን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት አስሉ

በትንሽ የግል ጀልባ ረጅም የወንዝ ጉዞ የምታቅዱ ሁሉ፣ እባካችሁ ካርታ ላይ ያለውን ርቀት ብቻ አይታችሁ ነዳጅ አትያዙ። በረጋ ውኃ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ፣ የወንዙ ፍጥነት 4 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ቁልቁል 14፣ ሽቅብ ግን 6 ብቻ ነው የምትጓዘው። ቁልቁል በ3 ሰዓት ያለቀው 42 ኪሎ ሜትር ሽቅብ 7 ሰዓት ይፈጃል፤ ሞተሩ ደግሞ ነዳጅ የሚፈጀው በሠራበት ሰዓት ልክ ነው። ከስሌታችሁ በላይ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ መጠባበቂያ ያዙ።

ድልድዮችንም አትርሱ። ከውኃው ወለል እስከ ጀልባዋ ጫፍ፣ አንቴናውን ጨምራችሁ ለኩና ቁጥሩን መሪው አጠገብ ለጥፉት። ወንዙ ሲሞላ ትናንት ያሳለፋችሁ ድልድይ ዛሬ ላያሳልፋችሁ ይችላል። የሌሊት ጉዞን ግን ከነጭራሹ አትሞክሩት፤ ግማሹ የሰመጠ ግንድ በጨለማ አይታይምና ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያችሁ ድረሱ።