በዘር ከሚመጣ የነርቭ ሕመም ጋር ሲኖሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ የሚባለው ሕመም ስሙን ያገኘው በ1886 እ.ኤ.አ. ከገለጹት ሦስት ሐኪሞች ነው። ከ2,500 ሰው ገደማ አንዱን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። ከእግር ይጀምራል፤ ቁርጭምጭሚት ይደክማል፣ ውስጥ እግር ይጎብጣል፣ ጣቶች ይቆለመማሉ። ቆይቶ እጅም ላይ ይወጣል፤ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያስቸግራል። ደግነቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ አያሳጥርም። በፍርሃትና በሀፍረት የምንተወው ኑሮ ግን ብዙ ነው።

"እረፍ፣ አትድከም" ማለት። ቤተሰብ እንዲህ የሚለው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ነርቩ ያደከመው ጡንቻ ሲቀመጥ ይብስበታል። ዋና ይጠቅማል፣ ብስክሌትም ይጠቅማል። የተረከዝ ጅማትን ማሳሳብ ደግሞ በየቀኑ ነው፦ ግድግዳ ይደገፉ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ያሳርፉ። ጅማቱ አንዴ ካጠረ መመለሱ ከባድ ነው። "ጠንክሬ ከሠራሁ ይለቀኛል" ብሎ እስኪዝሉ መሥራትም ያው ስህተት ነው። በማግስቱ ድካሙ ካልለቀቀዎት መጠኑ በዝቷል ማለት ነው።

በድጋፍ ማፈር። የእግር ፊት ሲዝል ጣቶች ምንጣፍ ጫፍ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ኮብልስቶን ላይ ይያዛሉ። የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ይህን ይከላከላል። ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ሱሪም ይሸፍነዋል። ስንት ወጣት ነው "ምን ይሉኛል" ብሎ አልጋ ሥር የሚወረውረው! ከሠርግ ከመቅረት፣ ድጋፉን አድርጎ እስክስታ መውረድ ይሻላል። ጫማ ሲገዙ ድጋፉን ይዘው ይሂዱ። የውስጥ ሶሉ የሚወጣና በማሰሪያ የሚጠብቅ ይምረጡ፤ ነጠላ ጫማ ከእግር ይወልቃል።

እግርን አለማየት። ስሜት ስለሚቀንስ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ላይታወቅ ይችላል። ማታ ማታ እግርዎን ይመልከቱ። የመታጠቢያ ውሃ ሙቀት በክርን ይለኩ፤ ጣትም ስሜቱ ቀንሶ ሊሆን ይችላል።

"የነርቭ ቫይታሚን" እየገዙ መዋጥ። ለዚህ ሕመም ቫይታሚን ሲ በከፍተኛ መጠን ተሞክሮ ለውጥ አላመጣም። ቫይታሚን ቢ6 ደግሞ ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

"በእናቱ ወገን ነው የመጣው" እያሉ መካሰስ። በብዛት የሚታየው 1ኤ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ክሮሞዞም 17 ላይ ያለ አንድ ጂን ሲደገም ይከሰታል። ጥፋተኛ የለም። በዚህ ዓይነቱ፣ ሕመሙ ካለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ወንድ ሴት አይለይም። የመጀመሪያው ስለያዘው ሁለተኛው ይተርፋል ማለትም አይደለም። በቤተሰብ ማንም ሳይኖርበት የሚከሰትም አለ።

ለሐኪም አለመናገር። ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ይህ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ከባድ የነርቭ ጉዳት ያደርሳል። እርስዎ ምልክት ባይኖርዎትም ሕመሙ በቤተሰብ ካለ፣ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የሕመሙን ስም ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ።