«እርስዎ ትመጣለህ?»፦ ውጭ ያደገ ልጅ ታላቅን በአማርኛ እንዲያናግር ማስተማር

ውጭ አገር ያደጉ ልጆች «እርስዎ» የምትለዋን ቃል ቶሎ ይይዛሉ። የሚያስቸግራቸው ግሡ ነው። «እርስዎ ቡና ትጠጣለህ?» የሚል ልጅ ባለጌ አይደለም፤ አክብሮቱ ያለው ግሡ ላይ መሆኑን የነገረው ሰው የለም። ተውላጠ ስሙን እኛ ራሳችን አብዛኛውን ጊዜ እንተወዋለን። «ቡና ይጠጣሉ?» ያለ ልጅ «እርስዎ»ን ባይጠራም በሚገባ አክብሯል።

ስለዚህ በትእዛዝ ይጀምሩ፤ አጭር ነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ይደጋገማል። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይጫወቱ። በሩን ልጁ ይክፈት፣ እነዚህንም እሱ ይበል። አፉ ላይ ሲቀመጡ ወደ ጥያቄ ይለፉ፦ እንደምን አደሩ? ደህና ነዎት? መቼ መጡ? ቀጥሎ «ይመጣሉ»፣ «መጥተዋል»፣ «በልተው ይሂዱ»። አንድ ማቅለያ አለ፦ ይህ ቅርጽ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፤ «ትመጣለህ» እና «ትመጫለሽ» የሚያምታታው ልጅ እዚህ ያርፋል።

ልጁ «ይመጣሉ ማለት እነሱ አይደለም እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ በትክክል ገብቶታል። ጀርመን ለሚያድግ ልጅ ማስረዳቱ ቀላል ነው፤ የአክብሮቱ «ዚ» የሚይዘው ግሥ «እነሱ» ከሚይዙት ጋር አንድ ነውና። ፈረንሳይኛ ግን ያሳስታል። «ቩ» አንድ ትልቅ ሰውንም ብዙ ሰዎችንም ስለሚያገለግል፣ ልጁ በዚያ ሂሳብ ለአያቱ «እናንተ ትመጣላችሁ?» ሊል ይችላል። በአፋን ኦሮሞ «ኢሲን» እንዲሁ ለሁለቱም ይሆናል። በአማርኛ «እናንተ» ለብዙ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው አክብሮት «እርስዎ» አለ። እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገር ልጅ መነሻ የሚሆነው ነገር ስለሌለ በቃል ማስያዝ ነው የሚያዋጣው።

ቅጥያዎቹ ቀጥለው ይመጣሉ፦ ስምዎ፣ ልጅዎ፣ ስልክዎ፤ ልርዳዎት፣ ልጠይቅዎት። እዚህ ላይ ነው አረፍተ ነገሩ መሀል ላይ የሚሰበረው። «ይቀመጡ፣ ቦርሳህን ልያዝልህ» ዓይነት ቅልቅል ይሰማል። ሲሰሙ ልጁን አቋርጠው አያርሙት፤ «አዎ፣ ቦርሳዎን ልያዝልዎት» ብለው በትክክለኛው ይመልሱለት። ሲጽፍ ደግሞ «እርሶ» ሳይሆን «እርስዎ» ነው፤ በጆሮ የሰማውን ስለሚጽፍ ይህ ስህተት አዋቂዎችም ዘንድ ሞልቷል።

ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ግን እዚያ ስለሌለ ሰው ማውራትን ነው። «አያቴ መጣች» ሳይሆን «አያቴ መጡ»፤ «አየኋት» ሳይሆን «አየኋቸው»፤ «ስሟ» ሳይሆን «ስማቸው»። ፊት ለፊት አክብሮ ዞር ሲል «እሷ» የሚል ልጅ ግማሹን ብቻ ተምሯል። ይህን የሚይዘው ከእርስዎ አነጋገር ነው። እርስዎ ስልክ ላይ ስለ አማትዎ «ምን አለች?» ካሉ የቀረው ትምህርት ከንቱ ነው።

ለማን? በዕድሜ ለሚበልጥ፣ ለማያውቁት አዋቂ፣ ለቄስ፣ ለሼህ፣ ለአማት። እናትን «አንቺ» ማለት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ አባት ላይ ቤቱ ይወስን። ገጠርና ሽማግሌዎች ዘንድ «አንቱ» ይሰማል፤ ግሡ ያው ነው። ልጁ «እግዚአብሔርን ለምን አንተ እንላለን?» ማለቱ አይቀርም፤ በጸሎት የቅርበት ቃል ነው ማለት ይበቃል። የሚያመነታ ከሆነ በ«እርስዎ» ይጀምር። «ኧረ አንቺ በለኝ» ማለት የታላቋ ፈንታ ነው፤ አርባ ያልሞላት ሴት ደግሞ «አስረጀኸኝ» ብላ ልትል ትችላለች። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» በቁጣ መውረድ ግን ስድብ ነው።

ስም ብቻውን አይጠራም። ለጎልማሳ «ጋሼ» ወይም «እትዬ»፣ ለሸመገሉ «አባባ»፣ «እማማ»። «አቶ»፣ «ወይዘሮ» እና «ዶክተር» ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄዱት፦ ከበደ ዓለሙን «አቶ ከበደ»። የውጭ ክሊኒክ «ሚስተር ዓለሙ» ብሎ ሲጣራ የተጠሩት አባታቸው ናቸው፤ ሰውየው ቀና ሳይሉ ተራቸው ሊያልፍ ስለሚችል፣ አብሮ የሄደው ልጅ ይህን ማወቁ ይጠቅማል።

ልጁ ሲጠራ ደግሞ «ምን?» ሳይሆን «አቤት» ይበል።